ነፋስ የጻፈው መዝገብ፦ ከበርችና ከአኻያ የአበባ ዘለላ እስከ ሐይቅ ደለል

መግቢያ

«አበባ» የሚለው ቃል ሲነሣ በአብዛኞቻችን ኅሊና የሚሣለው አደይ አበባ ወይም ጽጌረዳ ነው፤ ቀለሙ ዐይንን የሚስብ፣ መዓዛው የሚያውድ፣ ንብ የሚያንዣብብበት ነገር ነው። ይሁን እንጂ ከዚህ ሥዕል ፈጽሞ የራቀ አበባ አለ። ቀለሙ ደብዛዛ ነው፤ መዓዛ የለውም፤ ብዙ ጊዜ ቅጠል ከመለምለሙ በፊት በባዶው ቅርንጫፍ ላይ እንደ አባ ጨጓሬ ተንጠልጥሎ ይታያል። በሰሜኑ የዓለም ክፍል የሚገኙት በርች፣ አልደር፣ ሃዝልና ኦክ የሚባሉት ዛፎች የሚያብቡት በዚህ ዓይነት ነው። እንግሊዞች ይህን የአበባ ዘለላ «ካትኪን» ይሉታል። ቃሉ ከደች ቋንቋ የተወሰደ ሲሆን ፍችው «ትንሽ ድመት» ማለት ነው፤ ወደ እንግሊዝኛ የገባውም በ1578 በታተመ አንድ የዕፀዋት መጽሐፍ ትርጉም አማካይነት ነው። በዚህ ጽሑፍ ውስጥ በአጭሩ «ዘለላ» እያልን እንጠራዋለን። ዓመታቱም ሁሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።

ነገሩ የባዕድ አገር ነገር ብቻ አይደለም። በወንዞቻችን ዳር የሚበቅለው አኻያ ከአውሮፓ አኻያዎች ጋር የአንድ ወገን ዛፍ ነው፤ የሚያብበውም በዘለላ ነው። በደጋ የሚገኘው ሺነትም እንዲሁ ባለዘለላ ነው፤ የላቲን ስሙ ራሱ «የአኻያ ቅጠል ያለው» የሚል ትርጉም አለው።

መሐንዲስ ስለ አበባ ለመጻፍ ምን አነሣሣው የሚል ባልደረባ እንደሚኖር እገምታለሁ። መልሱ አጭር ነው። ዘለላው ከሚበትነው ዱቄት አብዛኛው ከታለመለት ሥፍራ አይደርስም፤ ሲታይ ብክነት ነው። ይህ ብክነት ግን በሐይቅና በረግረግ ሥር ተጠራቅሞ ስለ መሬት ያለፈ ታሪክ የሚመሰክር ሰነድ ሆኗል። ይህን ሰነድ ለማንበብ የሰው ልጅ ከሁለት መቶ ዓመት በላይ ደክሟል። የተነበበውም ቃል ዛሬ ስለ ተፋሰስ፣ ስለ ደለልና ስለ ግድብ በምንጽፈው ጥናት ውስጥ ሊሰማ የሚገባው ነው።

፩. ፍሬዋን የምታጠፋ ዛፍ

የጥንት ሰዎች የዛፍን ወንዴና ሴቴ ጨርሰው አያውቁም ነበር ማለት አይቻልም። በመስጴጦምያ የቴምር አትክልተኞች የወንዴውን ዛፍ አበባ ቆርጠው በሴቴው ላይ ያራግፉ ነበር፤ ይህ ካልተደረገ ቴምር እንደማይያዝ በልምድ ያውቁታል። ሆኖም ልምዱ ወደ ሕግ አልተለወጠም። በቴምር የታየው ነገር በሌሎች ዛፎች ላይ ይሠራ ወይም አይሠራ እንደሆነ የመረመረ አልነበረም።

አኻያ ለዚህ ጥሩ ምሳሌ ናት። የግሪኩ ባለቅኔ ሆሜር አኻያን ፍሬዋን የምታጠፋ ዛፍ አድርጎ ገልጿታል። በአራተኛውና በሦስተኛው መቶ ዓመት ከክርስቶስ ልደት በፊት የኖረው የዕፀዋት ሊቅ ቴዎፍራስጦስም ይህንኑ ጠቅሶ አኻያ ፍሬዋን ሳይበስል ታረግፋለች ሲል ጽፏል። ዛሬ የምናውቀው ሌላ ነው። አኻያ በሁለት ዓይነት ዛፍ የተከፈለች ናት፤ ወንዴው ዛፍ ዘለላው ሥራውን እንደ ፈጸመ ይረግፋል እንጂ ዱሮውንም ፍሬ አያፈራም። የሴቴዋ ዘር ደግሞ እጅግ ደቃቅ ስለሆነና እንደ ጥጥ ያለ ጭራ ስላለው በነፋስ ተበትኖ ወዲያው ከዐይን ይሰወራል። የጥንቱ ሊቅ ያየውን በትክክል መዝግቧል፤ የጎደለው ሁለት ዛፎችን እንደ አንድ ጥንድ የሚያይ አስተሳሰብ ነበር።

፪. በ1694 የተጻፈው ደብዳቤ

ነገሩን ከግምት አውጥቶ ለሙከራ ያቀረበው በጀርመን አገር በቱቢንገን ዩኒቨርሲቲ የሕክምና መምህርና የዕፀዋት ሥፍራው ኀላፊ የነበረው ሩዶልፍ ያኮብ ካሜራሪዩስ ነው። ከእርሱ ጥቂት ዓመታት አስቀድሞ እንግሊዛዊው ኔህምያ ግሩ በ1682 ባሳተመው መጽሐፍ የአበባ ዱቄት የሚወጣበት ክፍል የወንዴነት ሥራ ሳይኖረው አይቀርም ብሎ ነበር፤ ነገር ግን በሙከራ አላስረዳም።

ካሜራሪዩስ መጀመሪያ ያስተዋለው የሐር ትል ቅጠሉን የሚመገበውን የማልበሪ ዛፍ ነበር። ወንዴ ዛፍ በአቅራቢያዋ ያልነበራት አንዲት ሴቴ ማልበሪ ፍሬ ያዘች፤ ፍሬው ሲሰበር ግን ዘሩ ባዶ ሆኖ ተገኘ። የማልበሪ አበባም በዘለላ የሚወጣ ነው። ከዚህ በኋላ ለእኛ ለኢትዮጵያውያን እንግዳ ወዳልሆኑ ሁለት ተክሎች ተሻገረ። በጉሎ ላይ ወንዴዎቹን አበቦች ሳይከፈቱ ቆርጦ ጣላቸው፤ የተሟላ ዘር አልተገኘም። በበቆሎ ላይ የሴቴውን ጸጉር ቆረጠ፤ ቆረቆንዳው ያለ ፍሬ ቀረ። ውጤቱን ነሐሴ 25 ቀን 1694 በደብዳቤ መልክ ለአንድ የሙያ ባልደረባው ጻፈ። ያልተሳኩለትን ሙከራዎችም ሳይደብቅ በደብዳቤው ውስጥ አስፍሯቸዋል። የዕፀዋት ጾታ ከዚያን ቀን ጀምሮ በመረጃ የተደገፈ እውነት ሆነ።

ስዊድናዊው ካርል ሊኔየስ በ1735 ይህን እውነት የመላው ዕፀዋት መዝገብ መሠረት አደረገው። ወንዴና ሴቴ አበባን በአንድ ዛፍ ላይ የሚሸከሙትን «ባለ አንድ ቤት»፣ በተለያዩ ዛፎች ላይ የሚሸከሙትን «ባለ ሁለት ቤት» አላቸው። በርች በመጀመሪያው፣ አኻያ በሁለተኛው ክፍል ተመዘገቡ። ይሁን እንጂ ሊኔየስ ቤቱን ሲቆጥር መንገዱን አልጠየቀም። ዱቄቱ ከአንዱ ቤት ወደ ሌላው እንዴት ይሻገራል?

፫. የሽፕሬንገል ጥያቄ

ለዚህ የተሟላ መልስ የሰጠው በሽፓንዳው የትምህርት ቤት ርእሰ መምህር የነበረው ክርስቲያን ኮንራድ ሽፕሬንገል ነው። በ1793 ባሳተመው መጽሐፉ የአበባ ቀለምና ማር ለሰው ደስታ ሳይሆን ነፍሳትን ለመጥራት የተዘጋጁ መሆናቸውን አስረዳ። ከዚሁ ጋር አንድ ጠቃሚ ተቃራኒ ነገር አስተዋለ፤ ቀለም የሌላቸው፣ ማር የማይሰጡ አበቦች ዱቄታቸው እጅግ የበዛና ቀላል ነው፤ እነዚህን የሚያገለግላቸው ነፋስ መሆን አለበት።

መጽሐፉ በዘመኑ አድማጭ አላገኘም። ሽፕሬንገልም በ1794 ከሥራው ተሰናበተ። ቻርልስ ዳርዊን በ1841 መጽሐፉን አግኝቶ ካነበበውና በኋላም በሥራዎቹ ውስጥ ካወሳው ወዲህ ነው ስሙ የታደሰው። በዚህ መለኪያ ብንሄድ በርች ፍጹም የነፋስ ዛፍ ናት። አኻያ ግን በመካከል ትቆማለች፤ በዘለላዋ ውስጥ ትንንሽ የማር ዕጢዎች ስላሏት ንብንም ነፋስንም ታሠራለች። ዘለላ ሁሉ አንድ ሥርዓት እንዳልሆነ ይህ ያሳየናል።

፬. ዘለላው በመሐንዲስ ዐይን

ለሙያችን ቅርብ የሆነው ክፍል ይህ ነው። በርች ወንዴ ዘለላዎቿን የምታዘጋጀው አበባው ከሚፈካበት በፊት ባለው በጋ ነው። ዘለላው ክረምቱን በሙሉ ተጨብጦ፣ ለውርጭ ተጋልጦ ይቆያል። በጸደይ አየሩ ሲሞቅና ሲደርቅ ይረዝማል፣ ይላላል፣ ይንጠለጠላል፤ ነፋስ ባወዛወዘው ቁጥር ዱቄቱን ይረጫል። ቅጠሉ ገና ባለመስፋቱ ዱቄቱን የሚያግደው ነገር ጥቂት ነው።

ስሌቱን እንመልከት። የበርች ዱቄት ቅንጣት ስፋቷ ወደ 0.022 ሚሊሜትር ይጠጋል። እፍግታዋን ከውኃ ጥቂት ያነሰ አድርገን ጆርጅ ስቶክስ በ1851 ያወጣውን ቀመር ብንጠቀም በተረጋጋ አየር ውስጥ የምትወርድበት ፍጥነት በሴኮንድ 1.3 ሳንቲሜትር ያህል ይሆናል። ከ10 ሜትር ከፍታ የተለቀቀች ቅንጣት መሬት ለመድረስ 13 ደቂቃ ገደማ ይፈጅባታል ማለት ነው። ነፋሱ በሴኮንድ 5 ሜትር የሚነፍስ ከሆነ በዚህ ጊዜ ውስጥ ወደ 4 ኪሎ ሜትር ትጓዛለች፤ ሽቅብ የሚነሣ አየር ካገኛትም ከዚህ እጅግ ትርቃለች። ደለል በኩሬ ውስጥ የሚወርድበትን ፍጥነት ለማስላት የምንጠቀምበት ቀመር ይኸው ራሱ መሆኑን ልብ ይሏል።

ቅንጣቲቱ ልትደርስበት የሚገባው ዒላማ ደግሞ እንደ ክር የቀጠነ የሴቴ አበባ ጫፍ ነው። መሪ በሌለው ተላላኪ እንዲህ ያለውን ዒላማ ለመምታት አንድ ዘዴ ብቻ አለ፤ እርሱም ብዛት ነው። በአንዲት የበርች ወንዴ ዘለላ ውስጥ 5 ሚሊዮን ያህል ቅንጣት ይገኛል፤ በአንድ ዛፍ ላይ ደግሞ ብዙ ዘለላዎች አሉ። እንግሊዛዊው ሐኪም ቻርልስ ብላክሊ በ1873 ባሳተመው ጥናቱ የሚያጣብቅ ቅብ የተቀባ መስታወት በወረቀት ካይት አስሮ ወደ ሰማይ በመላክ የአበባ ዱቄት ከመሬት በብዙ መቶ ጫማ ከፍታ ላይ እንደሚገኝ አሳየ። ዓላማው በየዓመቱ እርሱንም ሌሎችንም ያስነጥስ የነበረውን ሕመም መንስኤ ለማወቅ ነበር፤ መንስኤውም የአበባ ዱቄት መሆኑን በራሱ ላይ ፈትኖ አረጋገጠ።

ይህ ቀላል አሠራር ሊቃውንትን ለረጅም ጊዜ አሳስቷል። በ19ኛው መቶ ዓመት መጨረሻ አዶልፍ ኤንግለር ባለዘለላ ዛፎችን ሁሉ እንደ አንድ ጥንታዊ ወገን በመቁጠር ከመጀመሪያዎቹ አበባ አፍሪ ዕፀዋት ተርታ መደባቸው። አበባቸው ቀላል ስለሆነ የመጀመሪያ ነው የሚል አስተያየት ነበር። በኋላ የተደረጉት ምርመራዎች፣ በተለይም በ1998 በዘረ መል ላይ ተመሥርቶ የታተመው አዲስ ምደባ፣ ሌላ ነገር አሳዩ። በርች ከኦክ ጋር ስትመደብ አኻያ ግን ጉሎ ከሚገኝበት ክፍል ገባች። እንግዲህ ዘለላ የጋራ ቅድመ አያት ያወረሰው ንብረት ሳይሆን፣ የተለያዩ ወገኖች ለተመሳሳይ ችግር በየበኩላቸው የደረሱበት መፍትሔ ነው። ቀላልነቱም የጀማሪ ሥራ ሳይሆን አላስፈላጊውን ሁሉ ካስወገደ በኋላ የሚገኝ ቀላልነት ነው።

፭. ብክነቱ ሰነድ ሆነ

ከእነዚያ ሚሊዮን ቅንጣቶች አብዛኞቹ ዒላማቸውን ስተው መሬት፣ ሐይቅና ረግረግ ላይ ያርፋሉ። እዚህ ላይ አንድ የኬሚስትሪ ነገር ታሪኩን ይለውጠዋል። የቅንጣቲቱ ውጫዊ ሽፋን በሕይወት ከተሠሩ ነገሮች ሁሉ ጽኑ ከሚባሉት አንዱ ነው። አየር በማይደርስበት ጭቃ ውስጥ ብዙ ሺህ ዓመታት ሳይበሰብስ ይቆያል። መርማሪዎች ጭቃውን በኃይለኛ አሲድ አሟሟተው ሲያጣሩት አሸዋው ይጠፋል፤ ቅንጣቶቹ ይቀራሉ። ቅርፃቸውም እንደየወገናቸው ስለሚለያይ የበርቹን ከአልደሩ፣ የአኻያውን ከኦኩ በማይክሮስኮፕ መለየት ይቻላል።

ይህን ወደ ቁጥር የለወጠው ስዊድናዊው የሥነ ምድር ሊቅ ሌናርት ፎን ፖስት ነው። በ1916፣ ያን ጊዜ ክርስቲያኒያ ትባል በነበረችው በዛሬዋ ኦስሎ በተደረገ የስካንዲናቪያ ሊቃውንት ጉባኤ ላይ፣ ከረግረግ ንጣፎች የወጡ ቅንጣቶችን በየጥልቀቱ ቆጥሮ፣ የየዛፉን ድርሻ በመቶኛ አስልቶ፣ በሥዕላዊ መግለጫ አቀረበ። ከታች ወደ ላይ ሲነበብ የደኑ ታሪክ ይታያል፤ በረዶው ከቀለጠ በኋላ መጀመሪያ በርችና ጥድ ምድሩን ያዙ፤ ከዚያ ሃዝል፣ አልደርና ኦክን የመሰሉት ሙቀት ወዳድ ዛፎች ተከተሉ።

በ1941 ዴንማርካዊው ዮሐንስ ኢቨርሰን አንድ እርምጃ ጨመረ። በአንድ የንጣፍ ክፍል ውስጥ የዛፎቹ ዱቄት በድንገት አነሰ፤ የእህልና የአረም ዱቄት ብቅ አለ፤ ቀጥሎ የበርች ዱቄት በዛ፤ ከዚያም ሃዝል ተተካ። ኢቨርሰን ይህን የተረጎመው የድንጋይ ዘመን ገበሬዎች ደኑን መንጥረውና አቃጥለው ማረሳቸውን፣ ከዚያም ቦታውን ሲለቁት በርች ቀድማ መግባቷን የሚያሳይ ምስክር አድርጎ ነው። የዘለላ ዱቄት ከእንግዲህ የአየር ጠባይን ብቻ ሳይሆን የሰውንም እጅ መመዝገቡ ታወቀ።

፮. በሐይቅና በአርዲቦ

በአገራችንም ይኸው ዘዴ ሥራ ላይ ውሏል። ፈረንሳዊቷ ሊቅ ሬይሞንድ ቦንፊይ ከ1970ዎቹ ጀምረው በኦሞና በሐዳር ጥንታዊ ንጣፎች ላይ ሠርተዋል። የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የሥነ ምድር ምሁር የነበሩት መሐመድ ዑመር ደግሞ ከባልደረቦቻቸው ጋር የባሌን ተራሮችና የወሎን ሐይቆች መርምረዋል። ለሙያችን ከሁሉ የቀረበው በ2003 ስለ ሐይቅና ስለ አርዲቦ የታተመው ጥናት ነው።

እርግጥ በወሎ ደጋ በርች የለም። ቦታዋን የያዙት ጥድና ዝግባ ናቸው፤ በሥነ ዕፀዋት ሕግ እነዚህ እውነተኛ አበባ የላቸውም፤ ዱቄታቸውን በነፋስ በመበተን ግን ከበርች ጋር አንድ መንገድ ይሄዳሉ። ክትክታም የነፋስ ተክል ነው። ስለዚህ የፎን ፖስት ዘዴ እዚህም ይሠራል።

ከሁለቱ ሐይቆች የወጣው የ3,000 ዓመት ጭቃ የመሰከረው እንዲህ ነው። በ500 ዓመት ገደማ ከክርስቶስ ልደት በፊት የዝግባና የጥድ ደን ተመንጥሮ ክትክታና ሣር ተተኩ፤ ይህም ሁኔታ 1,800 ዓመት ያህል ቆየ። ከ1400 እስከ 1700 ባለው ጊዜ የጥድ ደን ከወይራና ከቀውት ጋር እንደገና ተስፋፋ፤ ተመራማሪዎቹም ለዚህ የሕዝብ ቁጥር መቀነስንና የዝናብ መጨመርን እንደሚቻል ምክንያት አቅርበዋል። ባለፉት 300 ዓመታት ግን ምንጣሮውም የአፈሩ መሸርሸርም በረታ። በዚህ ስሌት አቡነ ኢየሱስ ሞዓ በ13ኛው መቶ ዓመት በሐይቅ እስጢፋኖስ ገዳም ደቀ መዛሙርት ያስተምሩ በነበረበት ዘመን በዙሪያው የነበረው ገጽታ በአመዛኙ ጥቅጥቅ ደን ሳይሆን ክትክታና ሣር ነበር ማለት ነው።

፯. ለሙያችን ያለው ፍች

ከመቶ ዓመት በፊት ከኢትዮጵያ መሬት 40 በመቶው በደን ተሸፍኖ ነበር የሚለው ቃል በብዙ ጥናቶች መግቢያ ላይ ሲደጋገም እናገኘዋለን። የታሪክ ሊቁ ጄምስ ማካን በ1997 ይህ አነጋገር በበቂ ማስረጃ ያልተደገፈ መሆኑን አሳይቷል። ክርክሩ የታሪክ ሰዎች ብቻ አይደለም። ተፋሰስን የሚያጠና መሐንዲስ የመነሻውን ሁኔታ ሲወስን፣ የሰሜኑ ደጋ ገና በቅርቡ የተራቆተ ነው ብሎ ከተነሣ፣ የመሸርሸሩን ዕድሜ ያሳጥራል፤ መድኃኒቱንም ችግኝ መትከል ብቻ ያደርገዋል። በ1960 ሥራ የጀመረው የቆቃ ግድብ ውኃ ማጠራቀሚያ በደለል ምን ያህል እንደተጎዳ ለማናችንም የተሰወረ አይደለም። ደለሉ የሚመጣበትን መሬት ታሪክ ሳያውቁ የግድብን ዕድሜ መገመት አስቸጋሪ ነው።

ሰነዱ ግን በጥንቃቄ መነበብ አለበት። አንደኛ፣ ሐይቅና አርዲቦ የሚመሰክሩት ስለ ራሳቸው ዙሪያ ነው፤ የምዕራቡና የደቡብ ምዕራቡ ደን ታሪክ የተለየ ሊሆን ይችላል። ሁለተኛ፣ ነፋስ አድልዎ ያለበት ጸሐፊ ነው። ንብና ወፍ የሚያገለግሏቸው እንደ ዋንዛ፣ ግራርና ኮረች ያሉት ዛፎች ዱቄታቸው ጥቂት ስለሆነ በጭቃው ውስጥ ድምፃቸው ዝቅተኛ ነው፤ ጥድ ግን ከቁጥሩ በላይ ይናገራል። አሜሪካዊቷ ማርጋሬት ዴቪስ በ1963 የዱቄቱን መቶኛ እንደ ዛፉ መቶኛ መውሰድ እንደማይገባ፣ ለየወገኑ የተለየ ማስተካከያ እንደሚያስፈልግ አስረድታለች። መሣሪያውን ሳያስተካክል ንባቡን የሚያምን መሐንዲስ የለም፤ እዚህም ሕጉ ያው ነው።

ከእነዚህ ጥንቃቄዎች በኋላ ሁለት ነገሮች ጸንተው ይቆያሉ። የመጀመሪያው ደን ሊመለስ መቻሉ ነው፤ ከ1400 በኋላ ከረጅም ዘመን መራቆት ወዲህ ጥድና ወይራ ወደ ወሎ ተመልሰዋል። ሁለተኛው ያለ አፈር አለመመለሱ ነው፤ በአርዲቦ ዙሪያ በአንዳንድ ሥፍራ ደኑ እንደገና እንዳይበቅል ያገደው አስቀድሞ የደረሰው የአፈር መሸርሸር እንደሆነ ጥናቱ ያመለክታል። በመሆኑም በተራቆተ ዳገት ላይ የችግኝ ቁጥር ከመወሰኑ በፊት የአፈሩ ጥልቀት መለካት፣ እርከኑና የውኃ ማፋሰሻው መቅደም ይኖርባቸዋል። የጥናት ቡድኖቻችንም ከሐይቆቻችን የሚወጣውን የጭቃ ናሙና እንደ ጉድጓድ ቁፋሮ ውጤትና እንደ ዝናብ መዝገብ ሁሉ ከዲዛይን በፊት ከሚሰበሰቡት መረጃዎች መካከል ሊያስገቡት ይገባል። የዝናብ መለኪያ ጣቢያዎቻችን መዝገብ ቢረዝም በአሥርተ ዓመታት የሚቆጠር ነው፤ የሐይቆቻችን መዝገብ ግን ሺህ ዓመታትን ይሸፍናል፤ ከእኛ የሚጠበቀውም አውጥቶ መቁጠር ነው።